ጥቁር ፍሬም ውስጥ የገባችው ልጅ

ጎንደር ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ አንድ ሕግ አለኝ። በሕይወት ያለ ሰው ጥቁር ፍሬም ውስጥ አላስገባም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ደንበኞቼ ናቸው። ከወገራ፣ ከኮሶዬ፣ ከዳባት ሰው ሲሞትባቸው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶውን በመሐረብ ቋጥረው ይመጣሉ። እኔ ፎቶውን አሳድጋለሁ፣ የተጨማደደውን አቃናለሁ፣ ኮት ላልነበረው ኮት አለብሳለሁ፣ ከዚያ በጥቁር ፍሬም አድርጌ እሰጣለሁ። ለቅሶው ላይ ዘመድ ፎቶውን ከፍ አድርጎ ይዞ ያለቅሳል፤ ለአርባውና ለሙት ዓመቱም ይወጣል። ስለዚህ በኛ አገር አንድ ፊት ትልቅ ሆኖ፣ ብቻውን፣ ዙሪያው ጠቁሮ ግድግዳ ላይ ከታየ ማንም ሰው ምን እንደሆነ አይጠይቅም። የሚጠይቀው መቼ እንደሆነ ብቻ ነው።

ለሙሽራው፣ ለተመራቂው፣ ክርስትና ለተነሳው ሕፃን ግን ወርቃማ ፍሬም፣ አበባ ያለበት ፍሬም፣ የፈለጉት አለ። በሱቄ የመስታወት ቪትሪን ውስጥ የሚታዩት በሙሉ በሕይወት ያሉ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ መሞቱን ከሰማሁ ዘመድ መጥቶ ሳያየው ራሴ አነሳዋለሁ። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ለሰርግ የሚሸጠውንና ለከፈን የሚሸጠውን ጣቃ በአንድ መደርደሪያ አያስቀምጥም። ከእሱ የወረስኩት ይህንን ጥንቃቄና ግልፍተኛነቱን ነው።

ያንን ሕግ አንድ ጊዜ ተላለፍኩ። ሳላውቅ ተላልፌው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ነገሩ የጀመረው አንዲት ወጣት ከአዲስ አበባ ስትመጣ ነው። ሥራዋ ፎቶ ማንሳት አይደለም፤ ሌሎች ያነሱትን መርጣ፣ የቱ የት እንደሚሰቀል ወስና ለሕዝብ ማሳየት ነው። ኩሬተር ይሏታል። ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ የአንድ ጎንደሬ ፎቶ አንሺ ሥራ ለማሳየት አስባ፣ ሰው ስትጠይቅ ወደ እኔ መሯት። ዕድሜዋ ሠላሳ አይሞላም። “ጋሼ፣ ሁሉንም ማየት እፈልጋለሁ፤ የተበላሸውንም ጭምር” አለችኝ። ሳቅኩ። የተበላሸ ፎቶ ማየት የሚፈልግ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም።

ሦስት ቀን ሙሉ ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ወለል ላይ ተቀምጣ ካርቶኖቼንና ሃርድ ዲስኮቼን ስትበረብር ሰነበተች። እኔ በበኩሌ ምርጦቼን አዘጋጅቼላት ነበር። ቀሐ ወንዝ ላይ በጥምቀት የተነሱ፤ ሙሽሮች፤ የኢድ ልብሳቸውን የለበሱ የጎረቤቶቼ ልጆች፤ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ ሬዲዮውን ደረቱ ላይ አቅፎ የቆመ ገበሬ። ሰው ታጥቦ፣ ለብሶ፣ እንዲህ ሆኜ ልታይ ብሎ ቀጥ ያለባቸው ናቸው። አንድ በአንድ አየቻቸው። “ቆንጆ ናቸው” አለችና ወደ ጎን አደረገቻቸው። ያ “ቆንጆ ናቸው” ያለችው ነገር እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

እሷ የመረጠችው በሁለት ፎቶ መካከል ያመለጠኝን ነው። ሰውየው ሳይዘጋጅ የተነሳውን፣ ያለቀ መስሎት ትከሻውን የጣለበትን፣ ከኋላ የሰቀልኩት ቀለም የተቀባ ሸራ አልቆ ባዶው ግድግዳ የታየበትን። “ይኼ እኮ ስህተት ነው” እላታለሁ። “ጋሼ፣ የእርስዎ ዓይን ያለው እዚህ ነው” ትለኛለች። “ዓይኔማ ያኛው ላይ ነበር፤ እዚህ ላይ ያለው ጣቴ ነው” አልኳት። ከልቧ ሳቀች። ምርጫዋን ግን አልቀየረችም።

የኮሶዬዋ ልጅ ፎቶ የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት ጓደኛሞች ከኮሶዬ ለፓስፖርት ጉርድ ሊነሱ መጥተው ነበር፤ አረብ አገር ሊሄዱ። የአንደኛዋን ቤተሰብ አውቃለሁ፤ አባቷ ሲሞት ጥቁር ፍሬሙን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጉርዷን ካነሳኋት በኋላ “አያ ፎቶ፣ ለእማዬ ደግሞ አንድ ሙሉ ቁመት ሸጋ አርገህ አንሳኝ” አለችኝ። የገጠር ደንበኞቼ አያ ፎቶ ነው የሚሉኝ። አሥራ ሁለት ጊዜ አነሳኋት። ጓደኛዋ ከኋላዬ ቆማ ስታሾፍባት በአሥራ አንዱ ላይ ወይ ትስቃለች ወይ ከሳቋ ጋር ትታገላለች። አሥራ ሁለተኛው የተነሳው ያለቀ መስሏት ነጠላዋን ልትሰበስብ ስትል ነው። የጉርዱን ፖስታ በእጇ ይዛ ወደ በሩ ትመለከታለች። ፊቷ ላይ ያ ሁሉ ሳቅ የለም። ለእናቷ የምትስቅበትን መርጬ፣ አበባ ባለበት ወርቃማ ፍሬም አድርጌ ሰጠኋት። አሥራ ሁለተኛዋን ከተበላሹት ጋር ጣልኳት።

ከአዲስ አበባ የመጣችው ወጣት ያንን ፎቶ ስታገኝ ሌሎቹን ከጭኗ ላይ አወረደች። ከዚያ “ማን ናት?” ብላ ጠየቀችኝ።

“አረብ አገር የሄደች ልጅ ናት።”

“ተመልሳለች?”

“አልተመለሰችም።”

ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ከዚያ በላይ አልነገርኳትም።

ከመክፈቻው በፊት በነበረው ቀን አዳራሹ ስገባ ሌሎቹ ፎቶዎች በነጭ ጠርዝና በቀጭን የእንጨት ፍሬም በተርታ ተሰቅለዋል። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ሙሉ ግድግዳ ለአንዲት ፎቶ ተለቋል። የኮሶዬዋ ልጅ ናት፤ ቁመቷ ከእኔ አያንስም፤ ዙሪያዋ ሰፊ ጥቁር ፍሬም ነው። ከላይ አንዲት መብራት በርታባታለች። ከሥሯ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ በላዩም የእንግዶች አስተያየት መስጫ ደብተርና እስክሪብቶ ተቀምጧል።

ክው አልኩ። መናገር ነበረብኝ። ረጅም ነገር አይደለም፤ “ይኼ በኛ አገር የሞተ ሰው ነው” ማለት ብቻ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ግን አጠገቤ መጥታ ቆመችና “ጋሼ፣ እርስዎን አርቲስት የሚያደርግዎት ይቺ ፎቶ ናት። ሌሎቹን በሙሉ ሰው ወደ እሷ እንዲደርስ ብዬ ነው የደረደርኳቸው” አለችኝ። አርቲስት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ “ፎቶ አንሺው” ስባል ኖሬ። ቃሌን ዋጥኩና “ጥሩ ነው” አልኩ።

በመክፈቻው ዕለት፣ ጉርድ ባነሳሁት ቁጥር “ዓይኔን ጨፍነኸዋል” እያለ ሲጨቃጨቀኝ የኖረ አስተማሪ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ “ይህን ሁሉ ሐዘን እንዴት ቻልከው?” አለኝ። የምን ሐዘን? እነዚያን ሰዎች ሳነሳ ብዙውን ጊዜ እየቀለድኩ ነበር። ግን አንገቴን ደፍቼ ሐዘን እንደቻለ ሰው ቆምኩለት። አንድ ጋዜጠኛ መቅጃውን ደቅኖ የደጋውን ሕዝብ መከራ የማያልፍ ዓይን እንዳለኝ ነገረኝ፤ ጥያቄ አልነበረውም። ከሱቄ ትንሽ ወረድ ብሎ የሚሠራው ፎቶ አንሺ ብቻ ጆሮዬ ሥር መጥቶ “ይቺ እኮ ፎከስ የላትም” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ትንሽ ደብዝዛለች። ፎቶዎቹ ያው ፎቶዎች ናቸው። ካርቶን ውስጥ ሳሉ ጥፋቶቼ ነበሩ፤ ሰው መርጦ ሲሰቅላቸው ጥበቤ ሆኑ። በመካከል እኔ የጨመርኩት ነገር የለም። ሙሽሮቼና ባለ ሬዲዮው ገበሬ ተሰቅለው ቢሆን ኖሮ ያው አስተማሪ “ጥሩ ፎቶ ቤት አለህ” ብሎኝ ይሄድ ነበር። ይህን እያወቅኩ ሙገሳውን በደስታ ተቀበልኩ። ሰው ሲያሞግሰኝ አልጠላም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጭር ብሎ ነበር። ከሁለት ተማሪዎች ጋር እያወራሁ ዞር ስል አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ከመጨረሻው ግድግዳ ፊት ቆሟል። የማየው ጀርባውን ነው። ዱላውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፏል። ብዙ ቆየ። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው አወረደና አዘቅዝቆ መልሶ ለበሰው። ጋቢ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። እኔ ግን ከተማሪዎቹ አንዷ ስለ ብርሃን ጠየቀችኝና እሷን ሳስረዳ ሰውየው ወጣ።

የሆነውን የነገረኝ በሦስተኛው ቀን ጧት የአዳራሹ ጥበቃ ነው።

“ትናንት አጎቷ መጥቶ ነበር” አለኝ።

“የማን አጎት?”

“የሟቿ።”

“የማን ሟች?”

ወደ ግድግዳው ጠቆመኝ። “የዚያች ልጅ። ጉርድ ሊነሳ መጥቶ ሱቅህ ቢዘጋበት ጎረቤቶችህ ናቸው እዚህ የላኩት። ሲያያት ደርቆ ቀረ። ‘መቼ ሞተች?’ አለኝ። ‘እንጃ፣ እኔ ስመጣ ተሰቅላ ነው ያገኘኋት፤ ነፍስ ይማር’ አልኩት። ‘እህቴ አልሰማችም፤ ሄጄ ሰው ሰብስቤ ላርዳት’ ብሎ ወጣ።”

“ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም!” ጮህኩበት።

“አንተማ ታውቅ የለም እንዴ?” አለኝ።

መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባት ተጠርቶ። አጎትየው ትናንት አምሽቶም ቢሆን ከደረሰ ዛሬ ንጋት ላይ ተነግሮ ይሆናል። ዘመዱ እስኪሰበሰብ ከጠበቀ ደግሞ ነገ ንጋት ነው። እናትየው ልቧን የሚያማት ሴት ናት። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ያላት ይቺው አንዲት ልጅ ናት። በሕይወት ያለች ልጇን ሙት ብለው ሊነግሯት ነው፤ ማስረጃቸው ደግሞ የእኔ ፎቶ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣችው ወጣት ስትገባ ያገኘሁትን ሁሉ አወረድኩባት። ሰምታ ወደ ፎቶው ዞረች። “ጋሼ፣ ጥቁር ፍሬም እዚህ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ያውቁ ነበር?” አለችኝ።

“እንዴት አላውቅም! ሥራዬ እኮ ነው!”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

ወንበር ጎትታ ወጣችና ፎቶውን በራሷ እጅ አወረደችው። ከብዷት ነበር፤ ቆሜ አየኋት እንጂ አላገዝኳትም።

ከደንበኞች ደብተሬ ቁጥሩን ፈልጌ አጎትየው ዘንድ ደወልኩ፤ ስልኩ አይሠራም። እንደገና ደወልኩ፤ አይሠራም። ልጅቷ ራሷ ዘንድ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ያን ጊዜ ነው ሌላው ነገር የወጋኝ። በሕይወት መኖሯን በምን አውቃለሁ? ከሱቄ ከወጣች ወዲህ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም። እኔ የማውቀው ፍሬሙ ሞቷን እንደማይናገር እንጂ እሷ መኖሯን አይደለም። አብራት የሄደችው ጓደኛዋ ከዚያ በኋላ ለእናቷ ፎቶ ልካ ያሳጠበችበት ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበር። በድምፅ መልእክት “ጓደኛሽን ፈልገሽ ድምጿን ላኪልኝ፤ ዛሬውኑ፤ የሞት የሽረት ነገር ነው” አልኳት። መልእክቱ መሄዱን እንጂ መድረሱን ሳላይ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ፈጀ። የቀረውን ወንበር ሁሉ ለብቻዬ እከፍላለሁ ብል ረዳቱ ምን ያጣደፈው ሰው ነው ብሎ በጥርጣሬ ያየኛል። ከከተማው እንደወጣን ፍተሻ ላይ አስወረዱን። መታወቂያ፣ ቦርሳ፣ ስልክ። ከፊታችን የቆመ የጭነት መኪና ዕቃው በሙሉ እስኪራገፍ ጠበቅን። ሁለት ጊዜ ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለት ጊዜም አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ እጄን ያዙኝ። የጁምዓ ሰላት ሰዓት እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ አለፈኝ። በልቤ ስጸልይ እንኳ ምን ብዬ እንደምለምን ግራ ገባኝ። እናቷ አትስማ ልበል ወይስ ልጅቷ ትኑር ልበል? ሁለቱን እያቀላቀልኩ ለመንኩ።

ዳገቱን ጨርሰን ብርዱ በመስኮት መግባት ሲጀምር ሁለት ሴቶች በእግር ወደ ላይ ሲሄዱ አየሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ለሌላ ለቅሶ ይሆናል አልኩ። ትንሽ አለፍ ብሎ ሦስት ወንዶች አየሁ፤ እነሱም እንደዚያው። ኮሶዬ ላይ ሚኒባሱ በደንብ ሳይቆም ወረድኩ።

የሴትየዋን ቤት አውቀዋለሁ፤ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ይላል። ጆሮዬን አቆምኩ። ዋይታ የለም። ግቢዋ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ገብስ የምታሰጣ ሴት አየሁ፤ እሷ ናት። አልነገሯትም! አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ድምፄ ወጥቶ ሳይሆን አይቀርም። ሰው የተሰበሰበው ከእሷ ቤት በታች ባለው የጎረቤት ግቢ ነው። ሰባት ስምንት ሰው አጥር ሥር ተቀምጦ በለሆሳስ ያወራል።

አጎትየው ሲያየኝ ተነሳ። “መጣህ፣ አያ ፎቶ? እግዜር ይስጥህ። ምነው ግን ሸሸግኸን? ከተማው ሁሉ ሲያውቅ እኛ የሥጋ ዘመዶቿ ከግድግዳ ላይ እንስማ?” ቁጣ የለበትም አነጋገሩ፤ ይበልጥ የከፋኝ እሱ ነው።

“አልሞተችም” አልኩት።

የተቀመጡት ሁሉ ተነሱ።

“ምን?”

“አልሞተችም። ኤግዚቢሽን ነው። ሰው እንዲያየው ብለው ፎቶ የሚሰቅሉበት ነው።”

“ጥቁሩስ?”

“ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ናት ያደረገችው። እንደዚያ ሲሆን ደስ ብሏት።”

“ደስ ብሏት!” አለ። ከዚያ ዓይኔን እያየ “አንተስ? አልነበርህም?” አለኝ።

“ነበርኩ።”

“አይተኸዋል?”

“አይቼዋለሁ።”

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። “ደኅና” አለ በመጨረሻ። “በሕይወት አለች ትላለህ። ድምጧን ሰምተሃል?”

“አልሰማሁም።”

“እኛም ከሰኔ ወዲህ አልሰማን። ይኸው ጥቅምት ሊያልቅ ነው።”

“ወላሂ፣ ፎቶው…”

“መሐላህን አይደለም የምሻ፤ ድምጧን ነው። ቄሱ ነገ ንጋት ይደርሳሉ። አንተ ትኖራለች እያልህ እህቴን አስጠብቀሃት፣ ከወር በኋላ እውነቱ ቢመጣ ማን ሊያነሳት ነው? እስከ ምሽት ድረስ ድምጧን ካላሰማኸኝ እኔ የማውቀውን አደርጋለሁ።”

ልክ ነበር። ስልኬን ሳወጣ ኔትወርክ የለም። አጎትየው ከቤቶቹ በላይ ያለውን ጉብታ አሳየኝና አብሮኝ ወጣ። እዚያ ላይ ቆሜ ስልኩን ወደ ጎንደር፣ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ሰማይ አዞርኩት። ጉብታው ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከታች ሴትየዋ ገብሷን ትታ ቀና ብላ ታየናለች። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ስልኩ ነዘረኝ።

የድምፅ መልእክት ነው። ከፈትኩት።

“አያ ፎቶ፣ ምነው? ማን ሞተብን? እማዬ ናት? እውነቱን ንገረኝ፣ አትሸሽገኝ! ስልኬን አሠሪዬ ሴትዮ ከወሰደችብኝ ቆየች፤ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ነው ጓደኛዬ በር ላይ ያገኘችኝ። እኔ ደኅና ነኝ። እማዬን ብቻ ንገረኝ…”

አጎትየው ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። በሦስተኛው መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ ጋቢውን አቃንቶ ለበሰ።

ስንወርድ እናትየው መንገዱ ላይ ቆማ ጠበቀችን። “ወንድምዓለም፣ ጋቢህን ለማን ብለህ አዘቅዝቀኸው ነበር?” አለችው። “ከጧት ጀምሮ ሰው ከጎረቤት ሲገባ አያለሁ፤ እኔን የጠራኝ የለም። እኔን ሳይጠሩ የሚሰበሰቡት ለኔው ቢሆን ነው። ልጄ ናት?” እሱ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ስልኩን ከፈትኩላት።

“እማዬ ናት?” የሚለው ላይ ስትደርስ እጇን ወደ ስልኩ ዘርግታ “አለሁ! አለሁ፣ ልጄ! አልሞትሁም!” እያለች ጮኸች። ልጅቷ የምትሰማት መስሏት ነው። ከጎረቤት ግቢ የነበሩት ሴቶች እየሮጡ መጥተው አቀፏት፤ ለመርዶ የመጡት ሁሉ እልል አሉ። እኔ ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ አለቀስኩ።

ሲረጋጋ ቤቷ አስገብታኝ ሁሉንም ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ማወቄንም፣ ዝም ማለቴንም፣ ለምን ዝም እንዳልኩም። እርግማን እጠብቅ ነበር። እሷ ግን “እስቲ ልጄን የገደላትን ፎቶ አሳየኝ” አለች።

ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋጅ ገልብጬያቸው ስለነበር አሥራ ሁለቱም ስልኬ ላይ ነበሩ። የሚስቁትን በፊት አሳየኋት። አልዋሽም፤ በልቤ ምስክር እንድትሆነኝ ፈልጌ ነበር። የልጄ ፊት ይሄ ነው፣ ያንን የመረጠች ሰው ልጄን አታውቃትም እንድትል፤ እኔም ጎንደር ተመልሼ ለዚያች ወጣት እንድነግራት። እናትየው ስልኩን ተቀብላ ወደ ዓይኗ አቀረበችው። “ይኸን አውቀዋለሁ፤ ግድግዳዬ ላይ አለ” እያለች አንድ በአንድ አለፈቻቸው። አሥራ ሁለተኛዋ ላይ ቆመች።

“ይቺ ናት” አለች።

“ያቺ የተበላሸችው ናት” አልኳት።

“ምኗ ነው የተበላሸ? ልጄ እኮ ናት። የሄደች ዕለት ጧት በዚህ በር እንዲህ ሁና ነው የወጣች። ሆዴ ባብቶ ነበር። ኋላ አንተ የሰጠኸኝ ላይ ስትስቅ ሳይ፣ በዚያን ዕለት ዓይኔ ነው የተሳሳተ፣ ልጄስ ደስ ብሏት ነው የሄደች እያልሁ ሁለት ዓመት ኖርሁ።” ቀና ብላ አየችኝ። “አንተ ይኸን አይተህ ነበር፣ አያ ፎቶ። አይተህ የምትስቀዋን ሰጠኸኝ።”

በሌላ ጊዜ ቢሆን እከራከር ነበር። ደንበኛ የሚፈልገው ይህንን ነው፣ የለቅሶ ፊት ለእናት አይሰጥም እል ነበር። ያቺ ወጣት ሱቄ ወለል ላይ ተቀምጣ ያየችውን ይቺ ፊደል ያልቆጠረች ሴት በአንድ አፍታ አየችው። ሠላሳ ዓመት ማየትን ሥራዬ አድርጌ የኖርኩት እኔ ግን ያየሁትን ካርቶን ውስጥ ጥዬዋለሁ። አፈርኩ፤ ከጥቁሩ ፍሬም ይልቅ በዚህ አፈርኩ።

“ድምጤን ላክልኝ” አለች።

ጉብታውን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች፤ ልቧን ፈርቼ እኔ እሄዳለሁ፣ እዚህ ተናገሪ ብላትም እሺ አላለችም። ላይ ደርሰን አውራ ጣቴን ተጭኜ ስልኩን ወደ አፏ አቀረብኩላት። መጀመሪያ ማንም እንዳልሞተ፣ አጎቷ ደኅና እንደሆነ፣ ገብሱ ሸጋ እንደሆነ ነገረቻት። ከዚያ ዝም አለች። ያለቀ መስሎኝ ጣቴን ላነሳ ስል እጄን ያዘችው።

“ደስ ብሎሽ የሄድሽ መስሎኝ ነው የተውሁሽ” አለች። “አሁን አየሁሽ። ምንም አትያዥ፣ ልጄ። ባዶ እጅሽን ነይ።”